አሁንም ፔጂኔሽን!

ሰለቸን። ዌብ ላይ የሚሠራ ሰው እሮሮዬን ሳልጨርሰው ይረዳኛል። አዲስ ሥራ ይመጣል፤ ደንበኛው የሚያወራው ስለ ክፍያው፣ ስለ ሪፖርቱ፣ ስለ ሞባይል መተግበሪያው ነው፤ የዋጋ ማቅረቢያው ላይ የሚሰፍሩትም እነዚሁ ናቸው። ከዝርዝሩ ግርጌ ስለሚደረደሩት ቁጥሮች፣ ስለ «ቀዳሚ» እና «ቀጣይ»፣ ከላይ ስላለው ሜኑ የሚያነሳ የለም፤ ድሮውኑም ያለ ነገር ይመስላል። ሥራው ሲጋመስ ግን አንዱ ዴቬሎፐር አንገቱን ደፍቶ ያንኑ የገጽ ስሌት፣ ያንኑ «አሁን ያለንበት ገጽ ቀለሙ ይለይ» የሚል ኮድ እንደ አዲስ ሲጽፍ ታገኙታላችሁ። ባለፈው ሥራም ጽፎታል፤ ከዚያ በፊት በነበረውም ጽፎታል። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ደግሞ ለሌላ ደንበኛ ያንኑ እየጻፈ ነው።

መሣሪያ ጠፍቶ ቢሆን ባልከፋ። አልጠፋም፣ ሞልቷል። የሚያታክተው እያንዳንዱ መሣሪያ ሥራውን መንገድ አጋምሶ ቀሪውን ለእኛ ጥሎ መሄዱ ነው። ሩቢ ኦን ሬይልስ መጀመሪያ ላይ የራሱ የገጽ መቁረጫ ነበረው፤ በዲሴምበር 2007 ስሪት 2.0 ሲወጣ ከውስጡ አውጥተው ለብቻው ፕለጊን አደረጉት። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማነሳው።) በቦታው ዊል ፔጂኔት ገባ፣ ከዚያ ካሚናሪ መጣ፣ ፓጊ መጣ። ሦስቱም ጥሩ ናቸው፤ ሦስቱም ግን የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ቴምፕሌቱን ሁሉ እየዞረ ይነካካል።

ጃንጎ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2005 ነው። ፔጂኔተር የሚባለው ክፍሉ በወጉ ይቆጥራል፣ በወጉ ይቆርጣል። ነገር ግን 50 ገጽ ያለውን ዝርዝር «1፣ 2፣ ነጥቦች፣ ያለንበት ገጽና ጎረቤቶቹ፣ ነጥቦች፣ 49፣ 50» ብሎ አሳጥሮ የሚሰጥ ተግባር የገባለት በኤፕሪል 2021፣ ስሪት 3.2 ላይ ነው። የቀረውን አድራሻ ሳይነካ የገጹን ቁጥር ብቻ የሚቀይር የቴምፕሌት ታግ ደግሞ የመጣው በኦገስት 2024፣ ከ5.1 ጋር ነው። 19 ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ በጃንጎ የሚሠራ ቢሮ ሁሉ ያንን ታግ በየቤቱ ሲጽፍ ኖሯል፤ አንዱ ደህና አድርጎ፣ አንዱ እንደነገሩ።

ይህ የአድራሻ ጉዳይ ትንሽ ነገር ቢመስልም የሰው ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። አንዲት ሴት የኪራይ ቤቶች ድረ ገጽ ውስጥ ገብታ ቦሌ፣ ሁለት መኝታ፣ ከርካሽ ወደ ውድ ብላ መረጠች እንበል። የመጀመሪያው ገጽ ልክ ነው። 2ን ስትጫን ሰፈሩም፣ የመኝታው ቁጥርም፣ የዋጋው ቅደም ተከተልም ይጠፋና ከያለበት የተሰበሰበ ቤት ሁሉ ይዘረገፍባታል። ቁጥሮቹን የሠራው ሰው ሊንኩን ሲጽፍ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ የገጹን ቁጥር ብቻ ስላስቀመጠ ነው፤ እዚያ የነበሩት ምርጫዎቿ ተጠረጉ። ላራቬል እነዚያን ምርጫዎች የሚያስከትል ትእዛዝ አለው፤ ካልጠሩት ግን በራሱ አይሠራም። ስለዚህ ይረሳል። ገጽ ሲገልጥ ፊልተሩ እንዲጠፋበት የሚፈልግ ሰው የትኛው ነው? እስካሁን አላጋጠመኝም። ታዲያ ትክክለኛው ነገር በልመና፣ ስህተቱ በነፃ የሚሰጠን ለምንድን ነው?

ግልባጩም አለ። ተጠቃሚው ገጽ 7 ላይ ሆኖ ፊልተሩን ይቀይራል፤ አዲሱ ውጤት 2 ገጽ ብቻ ነው፤ አድራሻው ላይ ግን 7 እንደተጻፈ ይቀራል። ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፤ ከመሃሉ «ምንም አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ተገኝቶ እያለ! ሰውየው የሚፈልገው የለም ብሎ ይወጣል፤ ባለ ዕቃውም ገዢ እንደጠፋ ይቆጥራል፤ በመሃል ያለውን ቁጥር ማንም አይጠረጥርም። ፊልተር ሲለወጥ ወደ ገጽ 1 መመለስ አንድ መስመር ኮድ ነው። ይህቺ አንድ መስመር የጎደለችው ስንት ትልልቅ ሲስተም አለ!

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። 101 ነገር በ20 ሲቆረጥ 6 ገጽ ይወጣዋል፤ 100 ሲሆን 5። ማካፈልና ወደ ላይ ማጠጋጋት ነው። ሆኖም አካፍሎ ሁልጊዜ አንድ የሚጨምር ኮድ ዛሬም በየቦታው አለ፤ መዝገቡ ልክ 100 ሲሞላ ባዶ ስድስተኛ ገጽ ይወልዳል። ሙከራ ላይ አይታይም፤ የሙከራው ዳታ እኩል የሚካፈልበት ጊዜ ጥቂት ነውና። ቆጠራው ከስንት ይጀምር የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጃንጎና ላራቬል ከ1 ይጀምራሉ፤ የጃቫው ስፕሪንግ ከ0። ስፕሪንግ ከ1 የሚያስጀምር ማስተካከያ አለው፤ እሱ ግን የሚገባውን ጥያቄ ብቻ ነው የሚያስተካክለው፤ የሚመለሰው መልስ ውስጥ ያለው የገጽ ቁጥር አሁንም ከ0 ይነሳል። ስለዚህ አንዱ ፋይል ላይ አንድ ይደመራል፣ ሌላው ላይ አንድ ይቀነሳል፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣ አዲስ ልጅ ያንን ሲያይ ስህተት መስሎት ያጠፋዋል። ልጁ ላይ አልፈርድም። የሚፈረደው እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ቦታ አስቀምጦ፣ ስም ሰጥቶ፣ ሙከራ ጽፎለት ባላለፈው ቢሮ ላይ ነው።

የመልኩም ጣጣ አለ፤ ላራቬል 8 በሴፕቴምበር 2020 ሲወጣ የገጽ ቁጥሮቹ መልክ ከቡትስትራፕ ወደ ቴይልዊንድ ተዛወረ። በቡትስትራፕ የሚሠሩ ሰዎች አዲሱን ስሪት ጭነው ዝርዝራቸውን ሲከፍቱ ስክሪኑን የሞሉ ሁለት ግዙፍ ቀስቶች ጠበቋቸው። መድኃኒቱ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ዛሬም ድረስ አሮጌ ትምህርት እየተከተለ የሚማር ጀማሪ እነዚያ ቀስቶች ፊት ይደነግጣል፤ ዳታቤዙ የተበላሸ ይመስለዋል።

እንግዲህ የእሮሮዬ ሥር እዚህ ነው። ስሌቱ የትም ሀገር፣ የትም ቢሮ አንድ ነው። ስንት ነገር አለ፣ በስንት ይቆረጣል፣ አሁን የት ነን፣ ከዚህ በፊትና በኋላ ምን አለ፣ ወደ እያንዳንዱ የሚወስደው አድራሻ ምንድን ነው፤ በቃ። መልኩ ግን በየደንበኛው ይለያያል፦ አንዱ ክብ ቁልፍ፣ ሌላው መስመር፣ ሌላው «ተጨማሪ አሳይ» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ ይፈልጋል። እኛ ግን ገልብጠን ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት የምናዞረው መልኩን ነው፤ ስሌቱን በየጊዜው እንደ አዲስ እንጽፋለን። ሄልፐሩ፣ ማለትም በየፕሮጀክቱ የምንጠራው አጋዥ ኮድ፣ ማስላት ነበረበት፤ የሚስለው ቴምፕሌቱ ነው። ቁጥሩን፣ አድራሻውን፣ «ያለንበት ይህ ነው»ን፣ «እዚህ የተዘለለ አለ»ን በዝርዝር ይስጠን፤ የቀረውን እኛው እንስላለን። ማቴሪያል ዩአይ ለሪአክት እንዲህ ያለ ለብቻው የወጣ ተግባር አለው፤ የሚያስበው አንድ ክፍል፣ የሚስለው ሌላ። አሁን ሁሉም የሚሮጥለት ሻድሲኤን ግን ቆንጆ ቁልፎችን ሰጥቶ ስሌቱን ለተጠቃሚው ይተዋል። ቁልፍ መሳልማ መቼ ቸገረን!

የነጥቦቹንም ነገር እንዲሁ አላልፈውም። «1፣ ነጥቦች፣ 3፣ 4፣ 5» የሚል ዝርዝር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነጥቦቹ የደበቁት ገጽ 2ን ብቻ ነው። ነጥቦቹ የያዙት ቦታ ላይ 2 ቢጻፍ ያው ነበር፤ እንዲያውም ይጫን ነበር። የሚደበቀው አንድ ብቻ ከሆነ ራሱን አሳየው የሚል ሁኔታ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዳታቤዙ እንውረድ፤ ድካሙ ሁሉ የሚከማችበት እዚያ ነውና። አብዛኛው የገጽ መቁረጫ የቆመው ኦፍሴትና ሊሚት በሚባሉ ሁለት ትእዛዞች ላይ ነው፦ «ይህን ያህል ዝለል፣ ከዚያ ይህን ያህል ስጠኝ»። በ20 በ20 በሚቆረጥ ዝርዝር ገጽ 5,000ን የጠየቀ ሰው ዳታቤዙን «99,980 ዝለል፣ 20 ስጠኝ» አለው ማለት ነው። ዳታቤዙ ዘሎ ማረፍ አይችልም፤ 100,000 ረድፍ አንብቦ 99,980ውን ይጥላል። ያነበበበትን ቦታ ሳያመለክት መጽሐፉን ዘግቶ በማግስቱ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እየቆጠረ ያቆመበትን እንደሚፈልግ ሰው ነው። ገጽ 1 ላይ ፈጣን ነው፤ ስለዚህ ገንቢው አያየውም። የሚያየው ሰርቨሩ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ገጽ ከገጽ እየተከተለ የሚያስሰው የሮቦት መዓት ሰው ደርሶበት የማያውቀውን ገጽ 5,000 ደጋግሞ ይጠይቃል። ጠዋት «ሲስተሙ ተንቀራፈፈ» ይባላል፤ የተጠቃሚ ብዛት ይወቀሳል፤ ትልቅ ሰርቨር ይገዛል።

ስንት ገጽ እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ሁሉንም መቁጠር ያስፈልጋል። ፖስትግሬስ እንዲህ ያለውን ጠቅላላ ቆጠራ የሚሠራው ለዚያ ጠያቂ የሚታዩትን ረድፎች አንድ በአንድ እያረጋገጠ ነው፤ ሠንጠረዡ ሲያድግ ቆጠራው ራሱ ከዝርዝሩ በላይ ጊዜ ይወስዳል። ያውም ገጽ በተገለጠ ቁጥር እንደገና። ለምን? ከግርጌ «ገጽ 3 ከ48,211» ብሎ ለመጻፍ። 48,211ኛውን ገጽ ማን ሊከፍተው? ላራቬል ለዚህ ሲምፕል ፔጂኔት የሚባል አለው፤ ሳይቆጥር፣ ከሚያስፈልገው አንድ ረድፍ አስበልጦ ያመጣና ተጨማሪው ካለ «ቀጣይ»ን ያበራል። ብልህ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለአብዛኛው ዝርዝር ይበቃል። ሥራ ላይ ሲውል የማየው ግን አልፎ አልፎ ነው፤ ንድፉን የሚያጸድቀው ኃላፊ ቁጥር ማየት ይወዳል።

ዝግታው ይሁን፤ ስህተቱ ነው የሚያስጨንቀኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ማመልከቻዎችን የምታጸድቅ ሠራተኛ አለች እንበል። ዝርዝሩ «ያልታዩ» የሚለውን ብቻ ያሳያል፤ በገጽ 20 ማመልከቻ። ገጽ 1 ላይ ያሉትን 20ውን አንድ በአንድ አይታ አጸደቀች፤ ከዝርዝሩ ወጡ። «ቀጣይ»ን ተጫነች። ቀድሞ ገጽ 2 ላይ የነበሩት 20 ማመልከቻዎች አሁን ወደ ገጽ 1 ከፍ ብለዋል፤ እሷ ፊት የቀረቡት የገጽ 3 የነበሩት ናቸው። 20 ባለጉዳይ ተዘለለ። እየቀጠለች በሄደች ቁጥር አንዱን ገጽ ታያለች፣ አንዱን ትዘላለች። ዝርዝሩ የሚጀምረው ከቀደመው ከሆነ የተዘለሉት ብዙ የጠበቁት ናቸው። ባለጉዳዩ መስኮት ላይ ቆሞ «ከእኔ በኋላ ያስገባው ጨርሶ ሄደ» ሲል አድልዎ የተፈጸመበት ይመስለዋል፤ ሠራተኛዋም የሠራችውን ታውቃለችና ትቆጣለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ያጣላቸው ኦፍሴት ነው።

መዝገብ የሚያዘልል ሌላም ምክንያት አለ። ዝርዝሩ በቀን ብቻ ከተደረደረና በአንድ ቀን የገቡ ብዙ መዝገቦች ካሉ፣ ዳታቤዙ እኩዮቹን በየጥያቄው ደስ ባለው ቅደም ተከተል የማቅረብ መብት አለው፤ አንዱ መዝገብ ገጽ 1 ላይም ገጽ 2 ላይም ይታያል፣ ሌላው የትም አይታይም። ከቀኑ ቀጥሎ የመዝገቡን መለያ ቁጥር በመደርደሪያው ላይ መጨመር ይህንን ይዘጋዋል። ጃንጎ ጨርሶ ያልተደረደረ ዝርዝር ሲሰጠው ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ የለም እንጂ።

መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል። ኦስትሪያዊው ማርኩስ ቪናንድ ስለ ኢንዴክስ አጠቃቀም ሲያስተምር ኦፍሴትን ተዉት እያለ ዓመታት አስቆጥሯል። «ይህን ያህል ዝለል» ከማለት «መጨረሻ ካየሁት በኋላ ያሉትን 20 ስጠኝ» ማለት ነው፤ የመጨረሻውን ቀንና መለያ ቁጥር ይዞ መሄድ። ኢንዴክሱ በቀጥታ እዚያ ቦታ ያደርሰዋል፤ ገጽ 2ም ገጽ 5,000ም እኩል ይፈጥናሉ፤ ከላይ ቢሰረዝም ቢጨመርም የሚዘለል የለም። ይህ አቆራረጥ ከርሰር ይባላል፤ ላራቬል ከ2021 ጀምሮ አለው። ዋጋው አንድ ነው፦ በቀጥታ ወደ ገጽ 37 መዝለል አይቻልም። እኔ ይህን ዋጋ በደስታ እከፍላለሁ። ጊትሀብ እንኳ በኤፒአዩ ፍለጋ ከ1,000 ውጤት በላይ አይሰጥም፤ ኢላስቲክሰርች ሳይነካኩት ከ10,000 በላይ ዝለል ሲሉት እምቢ ይላል። እነሱ ያልቻሉትን ከእኛ የሰፈር ሲስተም ለምን እንደሚጠበቅ አይገባኝም። ለመቶ ምርት ካታሎግ ቁጥር ይሁን፤ አልቃወምም። ለዜና፣ ለግብይት መዝገብ፣ ለማመልከቻ ግን ይቅር።

«ታዲያ ስክሮል ሲያደርግ ራሱ ይምጣ» የሚል ሐሳብ ወዲያው ይነሳል። ማለቂያ የሌለውን ስክሮል በ2006 እንደፈለሰፈ የሚነገርለት ኤዛ ራስኪን ራሱ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ጉግል በ2021 ሞባይል ላይ፣ በ2022 መጨረሻ ኮምፒውተር ላይ የፍለጋ ውጤቱን ተከታታይ ስክሮል አደረገው፤ በ2024 ግን ተወው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ ተጠቃሚው በፓኬጅ የገዛው ዳታ ሳይጠይቅ ይወርድበታል። አንዱን ዕቃ ከፍቶ ወደ ኋላ ሲመለስ ከላይ ይጀምራል፤ ቀድሞ የወረደው ሁሉ እንደገና ይወርዳል። የስልክ ቁጥሩና አድራሻው ያሉት ከገጹ ግርጌ ነው፤ ግርጌው ሊደረስበት ሲል ሌላ 20 ዕቃ ከፊቱ ይገባና ይሸሻል።

ሜኑውስ? ሜኑው ላይ ያለው ድካም አጭር ነው፤ ግን በየፕሮጀክቱ አይቀርም። «ያለንበትን ለይተህ አሳይ» ሲባል አንዱ አድራሻው በዚህ ከጀመረ ብሎ ይጽፋል፤ ሁሉም አድራሻ በመነሻ ገጹ አድራሻ ስለሚጀምር «መነሻ» የትም ቢኬድ በርቶ ይኖራል። ሌላው ይህን ሸሽቶ ልክ እኩል ከሆነ ይላል፤ አሁን ደግሞ «ምርቶች» ሥር ያለ አንድ ምርት ሲከፈት «ምርቶች» ይጠፋል። አድራሻውን በየክፍሉ ከፋፍሎ ማወዳደር ነበር፤ ከፊት ያለውን የቋንቋ ምልክት ቆርጦ፣ ከኋላ ያለውን ጭረት አስተካክሎ። ይህንን አንድ ጊዜ በትክክል ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሜኑን እንደ ዘበኛ መጠቀም ነው፦ ሠራተኛው መብት ከሌለው ሊንኩን መደበቅ፣ አድራሻውን ግን ክፍት መተው። የዌብ ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ በ2021 ባወጣው የዌብ አደጋዎች ዝርዝር አንደኛ ያደረገው የመዳረሻ ቁጥጥር ጉድለትን ነው፤ የተደበቀ ሊንክ ከዚያ አይጠብቅም።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልበል። ያለንበትን ገጽ በቀለም ብቻ መለየት ማየት የተሳናቸውን ሰዎች ከነጭራሹ ይረሳል። ስክሪን ሪደራቸው «3፣ ሊንክ፤ 4፣ ሊንክ፤ 5፣ ሊንክ» እያለ ያነብላቸዋል፤ የት እንዳሉ አይነግራቸውም። ለዚህ የተበጀ ምልክት አለ፤ አሪያ ከረንት ይባላል፤ ከ2017 ጀምሮ የዌብ ተደራሽነት መመዘኛ አካል ነው። አንድ ጊዜ ሄልፐሩ ውስጥ ቢገባ ያ ሄልፐር የሄደበት ሁሉ ይሄዳል። የጋራ ሄልፐር ጥቅሙ ይህ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ለእኛው ቋንቋ የሚሆነውን ማንም እንደማይሠራልን እያወቅን እኛም አለመሥራታችን ነው። የስም ዝርዝር በፊደል የሚያገላብጥ መደርደሪያ እንሥራ ሲባል ከውጭ የሚመጣው ሄልፐር 26 ፊደል ይዞ ይመጣል። ያንን አውጥተን የእኛን እናስገባለን፤ ከዚያ «ስሙ በዚህ ፊደል ከጀመረ» ይላል ኮዱ። «ሰ»ን የተጫነ ሰው ሰሎሞንን ያገኛል፤ ሳምሶን የለም፣ ስንታየሁ የለም፣ ሶስና የለችም። ለኮምፒውተሩ «ሰ» እና «ሳ» ሁለት የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999፣ በስሪት 3.0 ሲያስገባ ከ«ሰ» እስከ «ሷ» ያሉትን ስምንቱን በተርታ ነው ያስቀመጣቸው፤ ስለዚህ «ከሰ እስከ ሷ ባለው ውስጥ ከሆነ» ማለት ይበቃ ነበር። «ሠናይት» ብላ የምትጽፈው ደግሞ ሌላ ቤት ናት፤ ከ«ሰናይት» ጋር አንድ ላይ ልታገኛት ከፈለግህ ሠንና ሰን፣ ሀን ሐንና ኀን፣ ጸንና ፀን ማጣመር አለብህ። ይህ ሁሉ የሃምሳ መስመር ኮድ ነው። ስንት የሆስፒታል፣ የትምህርት ቤት፣ የዕድር መዝገብ ይጠቀምበት ነበር! በየቢሮው ግን ለየብቻ ይሞከራል፣ ለየብቻ ይጎድላል፤ ስሙ ያልተገኘውም ሰው «መዝገብ ላይ የሉም» ተብሎ ይመለሳል።

መደርደሪያው ስልክ ላይ ሲወጣም ያስቸግራል። በ2023 የወጣው የተደራሽነት መመሪያ፣ ዊካግ 2.2፣ የሚነካ ቁልፍ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይሁን ይላል። 33 ቤት በ24 ሲባዛ 792 ነው፤ የብዙው ስልክ ስፋት ግን 360 ግድም ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው በሦስት ረድፍ እንዲታጠፍ ታስቦ መሠራት አለበት፤ ለ26 ፊደል የተለካውን አጣቦ ማስገባት የጣት ስቃይ ነው።

የቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ። በወር የሚገላበጥ የዜና ማኅደር እንሥራ ስንል የውጩ ሄልፐር ከ12ኛው ወር ቀጥሎ ወደ አዲሱ ዓመት 1ኛ ወር ይሻገራል። ጳጉሜን የለችም። በእነዚያ 5 ቀናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀናት፣ የተጻፈ ሁሉ ዳታቤዙ ውስጥ አለ፤ ከየትኛውም ወር ገጽ ግን አይደረስበትም። አንዳንዱ ደግሞ ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብሎ ይሰይምና ይገላገላል፤ የሴፕቴምበር መጀመሪያ ገና ነሐሴ እንደሆነ እያወቀ። የዛሬ ብሮውዘሮች ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈው ማሳየት ይችላሉ፤ «የሚቀጥለው ወር ማነው?» የሚለውን ግን ያ የጽሑፍ ማሳያ አይመልስም። ያንን የሚመልስ ትንሽ ቁራጭ ኮድ የሁላችን የጋራ መሆን ነበረበት።

ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ነን። ለምን አድሮ ቃሪያ እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ጊዜ የለም ነው፤ እውነት ነው፣ የለም። ሥራው በፕሮጀክት ይከፈላል፤ የጋራ ሄልፐር የማንም ፕሮጀክት አይደለም። ስለዚህ ፎልደሩ ከአሮጌው ሥራ ወደ አዲሱ ይገለበጣል፤ በአምስት ሥራ አምስት ቅጂ ይሆናል፤ አንዱ ላይ የተገኘው ስህተት አንዱ ላይ ይታረማል፣ አራቱ እንደነበሩ ይቀራሉ። የጻፈውም ልጅ ሌላ ቢሮ ይቀጠርና እዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

የምለምነው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው የዋጋ ማቅረቢያ ላይ «ሜኑና የገጽ አገላለጥ» የሚል አንድ መስመር ከነሰዓቱ ይግባ። ደንበኛው «ይኼ ምንድን ነው?» ቢል የተዘለሉትን ማመልከቻዎችና መዝገብ ላይ ያልተገኘችውን ሶስናን እንንገረው፤ ይገባዋል። በዚያ ሰዓት የተጻፈው ደግሞ ከደንበኛው ፎልደር ውጭ፣ ከነሙከራው፣ ለብቻው ይቀመጥ። የፊደሉንና የጳጉሜንን ክፍል አንዱ ቢሮ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ቢያወጣው ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ስህተት ባገኝም ዝም ብዬ የራሴን ቅጂ አላርምም፣ እርማቱን ለባለቤቱ እልካለሁ።